የቻይና የሸክላ በራዴ በክዳኑ በኩል ያፈሳል፤ ምን ላድርግ?

የሻይ ሰዓት
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ ለንግድ ጓንግዡ ደርሶ ሲመለስ አንድ ትንሽ የሸክላ በራድ አመጣልኝ። ቡናማ ነው፣ ትንሽ ወደ ሐምራዊ ይወስደዋል። ቀለም አልተቀባም፣ አያብረቀርቅም፣ ሲዳስሱት ግን ልስልስ ይላል። ሁለት ሲኒ ቢወጣው ነው። በጣም ወድጄዋለሁ።

ችግሩ ክዳኑ ነው። ስቀዳ በክዳኑ ዙሪያ ሻይ ይወጣና በበራዱ ሆድ ላይ ይወርዳል። ጣቴን ሁለት ጊዜ አቃጥሎኛል። ሻጩ ለወንድሜ ሲያሳየው ክዳኑ ላይ ያለችውን ቀዳዳ በጣቱ ደፈን ሲያደርጋት ውሃው ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። "የጥሩ ሥራ ምልክት ይሄ ነው" ብሎ ነው የሸጠለት። ታዲያ እኔ ጋ ሲደርስ ለምን ያፈሳል? ወንድሜን አታለውት ይሆን? ክዳኑን ላስቲክ አድርጎ ማጥበቅስ ይቻላል? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ቡናም ሻይም
እህቴ ላስቲክ እንዳታደርጊበት! ሽታው ሻዩ ውስጥ ይገባል። ክዳኑን አንስተሽ ከጎን ፎቶ አንሺና ለጥፊልን።

የሻይ ሰዓት
ለጥፌዋለሁ። ፎቶው ግልጽ ካልሆነ፣ ክዳኑ ከአፉ በጣም ትንሽ ይሰፋል። ከሥሩ ወደ ውስጥ የሚገባ አንገት አለው። መያዣው ክብ ሆኖ ጠፍጠፍ ያለ ነው፣ ቀዳዳዋ አናቱ ላይ ናት።

ጓንግዡ 14 ዓመት
ልጄ፣ ቅርፁ የታወቀ ነው። ፋንግ ጉ ይሉታል፤ ብዙዎች ከበሮ አስመስሎ የተሠራ ነው ይላሉ፣ ሆዱን ስታዪው እውነትም ከበሮ ይመስላል። የእንዲህ ያለ በራድ አገሩ ዪሺንግ ነው። ጂያንግሱ ክፍለ ሀገር፣ ታይ ሐይቅ አጠገብ። ሸክላ ሠሪዎቹ በብዛት ያሉት ዲንግሹ በሚባለው ከተማ ነው። አፈሩን ዚሻ ይሉታል፤ ሐምራዊ አሸዋ እንደ ማለት ነው። ያንቺ የእውነት የዪሺንግ አፈር ይሁን አይሁን በፎቶ አልፈርድም። ስለ ክዳኑ ግን ላጫውትሽ እችላለሁ። እኔ በራድ ስገዛ ከሁሉ በፊት የማየው ክዳኑን ነው።

ክዳኖቹ በዋናነት ሦስት ዓይነት ናቸው። ያንቺ ያ ጋይ ይባላል፣ ተጫኝ ክዳን ልንለው እንችላለን። አፉ ላይ ይቀመጣል፣ ጠርዙም ከአፉ ከንፈር በፀጉር ያህል ይሰፋል። ለዚህ የሚያምር አባባል አላቸው፦ "ሰማይ ምድርን ይጫናል"። ሰማዩ ክዳኑ ነው፣ ምድሩ አፉ። ለምን ይሰፋል ካልሽ፣ ሁለት ከንፈሮች እኩል ይሁኑ ተብሎ አንዱ ትንሽ ቢያንስ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ክዳኑ ከሰፋ ግን ያቺ ልዩነት ጥላ ውስጥ ትገባለች። ሺ ፒያው የሚሉት ሦስት ማዕዘን የሚመስል በራድም ክዳኑ እንዲሁ ተጫኝ ነው። ታላቁ ባለሙያ ጉ ጂንግዡ እ.ኤ.አ. በ1948 የሠራው አንድ ሺ ፒያው በ2010 ቤጂንግ ውስጥ በጨረታ 12.32 ሚሊዮን ዩዋን ተሸጧል።

ሁለተኛው ቺየን ጋይ ነው። ይሄኛው አፉ ውስጥ ገብቶ ይቀመጥና ከአፉ ጋር እኩል ይሆናል። ጣትሽን ብታሳልፊበት ክፍተቷን እንደ ክር ነው የምታገኛት።

ሦስተኛው ጂዬ ጋይ ነው፤ ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው። በራዱ ድፍን ሆኖ ከተሠራ በኋላ አናቱ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። የሆዱ መስመር ሳይቋረጥ በክዳኑ ላይ አልፎ እስከ መያዣው ይሄዳል። በጥንቷ ቆንጆ በሺ ሺ ስም የሚጠራው ክብ በራድ ክዳኑ እንዲህ ነው። በእውነት ግን ማንም አይቆርጠውም። ክዳኑና ሆዱ ለየብቻ ተሠርተው ነው አንድ መስመር የሚሆኑት። ጥላ የለ፣ መደበቂያ የለ። ሠሪው በፀጉር ቢሳሳት እዚያው ደረጃ ይታያል።

አዲስ ገቢ
ጋሼ ይቅርታ፣ ለጀማሪ የትኛው ይሻላል?

ጓንግዡ 14 ዓመት
ተጫኙ። ለማንሳትም ለመክደንም ይመቻል፣ ጠርዙም ቶሎ አይሸረፍም። ለእሷም ወንድሟ ጥሩ ነው ያመጣላት።

የግፊት ነገር
ስለ ቀዳዳዋ ልጨምር፣ ሙያዬ እዚያ አካባቢ ስለሆነ። ሻይ በመቅጃው ሲወጣ ቦታውን አየር መተካት አለበት። አየሩ የሚገባው በክዳኑ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳዋን ስትደፍኚ አየር አይገባም። ውስጥ ያለው ይሳሳል፣ ግፊቱ ይወርዳል። የውጪው አየር ደግሞ በመቅጃው በኩል ውሃውን መልሶ ይገፋዋል። ውሃው ይቆማል። ሻጩ ያሳየው ይህንን ነው፣ ማታለል የለበትም።

ግን ይሄ ሙከራ ሰው እንደሚያስበው ብዙ አይናገርም። በክዳኑና በአፉ መካከል ያለው ክፍተት ሲረጥብ ውሃው ራሱ ስስ መጋረጃ ሆኖ ይዘጋዋል። ስለዚህ ትንሽ ላላ ያለ ክዳንም ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል። ክዳኑ በደንብ ተቀምጧል ማለት ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ሌላ ማየት ያለብሽ ነገር፣ ክዳኑን ገልብጪና ቀዳዳዋን ከውስጥ በኩል እዪያት። ጎበዝ ሠሪ ከላይ ጠባብ፣ ከውስጥ እንደ መለከት አፍ ሰፋ ያለች ያደርጋታል። ከላይ እስከ ታች ጠባብ ከሆነች የእንፋሎት ጠብታ ይደፍናትና ሻዩ እየተቆራረጠ ይወርዳል።

ጥያቄ አለኝ፦ ሲቀዳ ከመቅጃው የሚወርደው እንደ ልቡ ነው ወይስ እየቀጠነ? የምን ቅጠል ነው የምትጠቀሚው?

ጭቃ በእጄ
ሸክላ ነው የምሠራው፣ አዲስ አበባ። ከሠሪ ወገን ደግሞ ልንገራችሁ።

የዪሺንግ በራድ በባህሉ በሚሽከረከር ጠረጴዛ ላይ አይሠራም። ጭቃውን በእንጨት መዶሻ እየቀጠቀጡ እንደ ቂጣ ይዘረጉታል። ከዚያ ጠቅልለው እንደ ቱቦ ያቆሙታል። ዙሪያውን በእንጨት እየመቱ ነው ሆድ የሚያወጡለት። ክዳኑ ለብቻው ነው፣ ጭቃው ግን አንድ መሆን አለበት። ለምን? ጭቃ ሲደርቅም ሲተኮስም ይኮማተራል። ሐምራዊው ጭቃ ከአሥር አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል። ዡ ኒ የሚሉት ቀዩ ጭቃ ከዚያም በጣም ይበልጣል፤ የዡ ኒ በራዶች ብዙ ጊዜ ትንንሽ የሚሆኑት ለዚህ ነው። ትልቅ ሲሆን ይጣመማል።

እስቲ አስቡት። ሠሪዋ ክዳኑን የምትለካው ገና እርጥብ እያለ ነው። እሷ የለካችው መጠን እሳት ውስጥ ገብቶ ሲወጣ የለም። ሁለቱም ጠብበዋል። ስለዚህ በራዱ የሚተኮሰው ክዳኑ ላዩ ላይ ተቀምጦ ነው፣ ከ1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ። አንዱ ሌላውን ይዞ አብረው ይጠባሉ። ለየብቻ ቢተኮሱ አፉ ወደ አንድ ወገን፣ ክዳኑ ወደ ሌላ ይጎብጣል። እንዳይጣበቁ በሚነካኩበት ቦታ ነጭ ዱቄት ይቀባሉ፤ አሉሚና ነው፣ እሳቱ አያቀልጠውም።

እኔ ራሴ ክዳን ያለው ዕቃ ስሠራ ብዙ ጊዜ ከሽፎብኛል። ለየብቻ ስተኩሳቸው ነበር። ተከድኖ መተኮስ ከጀመርኩ ወዲህ ነው ነገሩ የተስተካከለልኝ። ጀበና ላይ ይሄ ጣጣ የለም፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ውታፍ ይበቃዋል። በራድ ግን ቅጠል የሚገባበት ሰፊ አፍ ይፈልጋል። አፍ ሲሰፋ ክዳን ዋና ጉዳይ ይሆናል።

አዲስ ገቢ
አራት ማዕዘን የሆኑ በራዶችም አይቻለሁ። እነሱስ እንዴት ይገጥማሉ?

ጓንግዡ 14 ዓመት
ጥሩ ጠየቅህ። ክብ ክዳን ዞሮ ዞሮ ቦታውን ያገኛል። የአራት ማዕዘን ክዳን ግን አራት ጎን አለው፣ ጥሩ ከሆነ በአራቱም ይገጥማል። አንስተህ ሩብ ዙር አዙረህ ክደነው። እንደገና አዙረው። በአንዱ ጎን ብቻ የሚገጥም ከሆነ ሠሪው እዚያ ላይ ደክሟል። ከዚህም የሚብሰው እንደ አበባ ቅጠል የተሸነሸነው ነው። ሽንሽኑ ከሆዱ ተነስቶ በክዳኑ ላይ ያልፋል። ክዳኑን ወደፈለግህበት ብታዞረው እያንዳንዱ መስመር ከሆዱ መስመር ጋር መገናኘት አለበት። አንዴ ዲንግሹ ላይ አንዲት ባለሙያ እንዲህ ያለውን ክዳን ቀስ እያደረገች ስታዞርልኝ መስመሮቹ በየተራ ሲገናኙ አየሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ይሄ ነገር የያዘኝ።

እውነቱ ይነገር
እኔ በዚህ አልስማማም። ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት መቅጃውን በጣት ደፍነው በራዱን ሲገለብጡት ክዳኑ አይወድቅም። ጥሩ ክዳን ማለት ያ ነው። የሚያፈስ ክዳን ምንም ቢባል የሚያፈስ ክዳን ነው።

ጓንግዡ 14 ዓመት
ወንድሜ፣ ያንን ሙከራ ማንም ቤቱ እንዳይሞክር። እኔ ሞክሬ አንድ ክዳን ሰብሬያለሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ጥብቅነት ብቻውን መለኪያ አይደለም። ዛሬ ብዙዎች ከተኮሱ በኋላ ክዳኑን አፉ ላይ በደቃቅ የመሞረጃ ዱቄት እያሹ ያጠብቁታል። ችግር የለውም፣ ግን በማሸት የመጣ ጥበቃ ነው። በቺንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የተሠሩ አሮጌ በራዶችን ብታይ ክዳናቸው ብዙ ጊዜ ላላ ይላል፣ ግን ማንም ርካሽ አይላቸውም። ቻውዡ በምትባለው የቻይና ከተማ ሻይ ሲያፈሉ በራዱን አፉ ድረስ ይሞሉና አረፋውን በክዳኑ ጠርዝ ጠረግ ያደርጉታል። ከዚያ ከድነው ከላይ ፈላ ውሃ ያፈሱበታል። ያ ውሃ ክፍተቱን ይዘጋዋል፣ ሙቀቱንም ይይዛል። ሳህን ወይም ትሪ ከሥሩ የሚቀመጠው ውሃ እንደሚፈስ ታስቦ ነው።

እኔ ጥብቅ ሆኖ መስመሩ ከተጣመመ ክዳን ይልቅ ትንሽ ላላ ብሎ መስመሩ የቀናውን እመርጣለሁ።

ቡናም ሻይም
ጋሼ፣ ክዳኑን የሰበሩት በራድ ምን ሆነ? ያለ ክዳን ዋጋ የለውም?

ጓንግዡ 14 ዓመት
መደርደሪያ ላይ ነው፣ አልጣልኩትም። ለምን እንዳልጣልኩት በአንድ ታሪክ ላስረዳሽ።

በሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ በዠንግዴ ንጉሥ ጊዜ (1506–1521)፣ ጎንግ ቹን የሚባል አገልጋይ ነበር። ጌታው ዪሺንግ አጠገብ ጂንሻ በሚባል ገዳም ተቀምጦ ያጠና ነበር። ጎንግ ቹን እዚያ ከአንድ አሮጌ መነኩሴ ጭቃ ሥራ ተማረ ይባላል። መነኩሴው እጁን የታጠበበትን ዝቃጭ ጭቃ ወስዶ፣ የአንድ ትልቅ ዛፍ እባጭ አስመስሎ በራድ ሠራ። የዪሺንግ ሰዎች የበራድ ሙያቸውን ታሪክ የሚጀምሩት ከእሱ ነው።

በእሱ ስም የሚታወቅ አንድ በራድ አለ። ላዩ እንደ አሮጌ ግንድ ተጨማዷል። እ.ኤ.አ. በ1928 የዪሺንጉ ተወላጅ ቹ ናንቺያንግ ሱዡ ላይ አግኝቶ ገዛው። የጥንቱ ክዳን ጠፍቶ ነበር። ሁዋንግ ዩሊን የሚባለው ዝነኛ ባለሙያ ቅርፁ ዱባ መስሎት የዱባ አንገት ያለው ክዳን ሠርቶለት ነበር። ኋላ ግን ታላቁ ሠዓሊ ሁዋንግ ቢንሆንግ በራዱን አይቶ፣ ይሄ የዛፍ እባጭ ነው፣ የዱባ ክዳን ምኑ ነው አለ። ያን ጊዜ ፔይ ሺሚን የሚባል ሌላ ባለሙያ ከእባጩ ጋር የሚሄድ አዲስ ክዳን ሠራለት።

እኔን የሚገርመኝ ክዳኑ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ነው። ነገሩን ሁሉ ይናገራል። በራዱን ማን እንደሠራው፣ ማን ዱባ ነው ብሎ እንደተሳሳተ፣ ማን እባጭ መሆኑን እንዳወቀ፣ አንድ እንግሊዛዊ በ20 ሺህ ሊገዛው ፈልጎ እንዳልሆነለት፣ ክዳኑን እንደገና ማን እንደሠራው። የተሳሳተው ሰው ስም ሳይቀር ክዳኑ ላይ አለ። በራዱ ዛሬ ቤጂንግ በቻይና ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ነው። ሆዱ ራሱ የጎንግ ቹን እጅ ነው ወይስ በኋላ ዘመን የተሠራ በሚለው ሊቃውንት ይከራከራሉ። ክዳኑ ግን ማን እንደሠራው የታወቀ ነው።

የእኔም በራድ አንድ ቀን ክዳን ይሠራለት ይሆናል። ለዚህ ነው ያልጣልኩት።

ጭቃ በእጄ
ይህንን ሳነብ ሰውነቴ ነዘረኝ። ለተተኮሰ አፍ አዲስ ክዳን መሥራት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታውቃላችሁ? አፉ ከእንግዲህ አይጠብም። ክዳኑ ብቻ ነው የሚጠበው። ምን ያህል እንደሚቀንስ አስቀድሞ አውቆ ተለቅ አድርጎ መጀመር ነው።

ድሬስደን ነዋሪ
እኔ ያለሁት ጀርመን ነው። እዚህ ድሬስደን፣ ስቪንገር ቤተ መንግሥት ውስጥ የንጉሥ አውግስጦስ የሸክላ ስብስብ አለ። ከዪሺንግ የመጡ በራዶች እዚያ አሉ። ቦትገር የሚባለው ሰው ነጭ ፖርሴሊን ከማውጣቱ በፊት እነሱን እያየ ነው ቀይ ሸክላ የሠራው። የማይሰን የፖርሴሊን ፋብሪካ የተቋቋመው በ1710 ነው። ከእሱ በፊትም ዴልፍት ላይ አሪ ደ ሚልደ የሚባል ሆላንዳዊ የዪሺንግን በራድ ይቀዳ ነበር። ይህንን ውይይት ካነበብኩ በኋላ ትናንት ተመልሼ ሄጄ ክዳኖቹን ብቻ አየሁ። ከዚህ በፊት ክዳን አይቼ አላውቅም ነበር ማለት ይቻላል።

የሻይ ሰዓት
ሰላም፣ ሰንበት ብዬ ተመለስኩ። እንዲህ ያለ መልስ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የግፊት ነገር ለጠየቅከኝ፦ ቅጠሉ የኛው አገር ደቃቁ ሻይ ነው። እንደ ዱቄት ባይሆንም በጣም ያነሰ ነው። አዎ፣ ከመቅጃው የሚወርደው ቀጭን ነው፣ አንዳንዴም ይቆራረጣል።

የግፊት ነገር
አገኘነው መሰለኝ። መብራት ይዘሽ በራዱ ውስጥ መቅጃው የሚጀምርበትን ግድግዳ እዪ። ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፣ ወንፊት ናቸው። የተሠሩት ለትልልቅ ቅጠል ነው። ኡሎንግ ወይም ፑኤር የሚባሉት የቻይና ሻዮች ቅጠላቸው ሲዘፈዘፍ ተዘርግቶ ሰፊ ቅጠል ይሆናል። የኛ ደቃቅ ሻይ ግን እዚያ ቀዳዳ ላይ ይከመራል። ስታዘነብዪው ሻዩ በመቅጃው መውጣት ያቅተዋል፣ ስለዚህ ወደ ላይ ወደ አፉ ይመጣና በክዳኑ ሥር ይወጣል። የሚያፈሰው ክዳኑ ይሁን እንጂ የተዘጋው ወንፊቱ ነው።

በባዶ ውሃ ሞክሪውና ንገሪን።

የሻይ ሰዓት
ሞከርኩት! ቀዳዳዎቹ ሰባት ናቸው፣ አምስቱ ተደፍነው ነበር። በለስላሳ ብሩሽ አጠብኳቸው። በባዶ ውሃ ጠብታ እንኳ አልወጣም። ከዚያ ወንድሜ አብሮ ያመጣውን ኡሎንግ አደረግሁበት። አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ነው የወጣው፣ እሱም መጀመሪያ ላይ ስቀዳ።

ጓንግዡ 14 ዓመት
ጎበዝ። ለቀሪዎቹ ጠብታዎች ሁለት ነገር ላሳይሽ። አንደኛ፣ ውሃውን የክዳኑ አንገት ከሚደርስበት በታች አቁሚው። አንገቱ ሻዩ ውስጥ ከጠለቀ ስትከድኚ ሻዩን ወደ ውጪ ይገፋዋል። ሁለተኛ፣ በእጅ የተሠራ ክብ ክዳን በሁሉም በኩል ይገጥማል፣ ግን አንድ በጣም የሚወደው ቦታ አለው። ከድነሽ በሁለት ጣት ቀስ አድርገሽ አዙሪው። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ይለወጣል፣ መንገጫገጩ ይቆማል። እዚያ ተዪው።

ቦታውን እንዳትረሺው ክዳኑን ከውስጥ በኩል እዪ። ብዙ ጊዜ ትንሽ የሠሪው ማኅተም አለች።

የሻይ ሰዓት
አለች! ጋሼ፣ ይህንን ያህል ጊዜ በእጄ ይዤው አላየኋትም። ከምስር ትንሽ ብትበልጥ ነው። ክዳኑ ፀጥ ብሎ የሚቀመጠው ማኅተሟ ወደ እጀታው ስትዞር ነው። በራዱን ገልብጬ ከታች ደግሞ ትልቅ ማኅተም አገኘሁ። ሁለቱንም ፎቶ ለጥፌያለሁ፣ ምን ይላሉ?

ጓንግዡ 14 ዓመት
ትንሿ ላይ ያሉት ሁለት ፊደላት ትልቁ ላይም አሉ። አንድ ስም ነው። ማኅተም ማንም ሊያስቀርጽ ስለሚችል ስለ ዋጋው ምንም አልልሽም። ግን መስመሩን በፎቶሽ ላይ ደጋግሜ አየሁት፣ ቀለሙም አንድ ነው። ይሄ ክዳን የዚሁ በራድ ክዳን ነው። አብረው ነው እሳት የገቡት።

የሻይ ሰዓት
ወንድሜ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እያነበበ ነው። "አላታለሉኝማ" እያለ ነው። ሁለተኛውን ሲኒ እየቀዳሁለት ነው፣ ጠረጴዛውም ደረቅ ነው።